ሃያ ሦስቱን መስፈርት ያሟላችው መኪና

ድልድይ የሠሩ፣ ጦር የመሩ፣ ሕግ ያረቀቁ ሰዎች ስማቸው በየአደባባዩ ይነሳል። ለሚስቱ ትንሽ የመመላለሻ መኪና ለመምረጥ ከሳምንት ሳምንት ሲደክም ለከረመ ሰው ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር የጻፈለት የለም። ይህ ትልቅ በደል ነው። ተበዳዩ ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ፣ እኔም እቤቱ እየበላሁ እቤቱ የማድር ሰው ስለሆንኩ፣ ውለታውን በብዕር ልመልስ ተነስቻለሁ። የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። ጉድለት ከተገኘ የዓይኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ወንድሜ በመሥሪያ ቤቱ የስብሰባዎች ክትትል ክፍል ኃላፊ ነው። የክፍሉ ሥራ ሌሎቹ ክፍሎች በየሳምንቱ መሰብሰባቸውን ማረጋገጥ ነው። ተሰብስበው ምን ወሰኑ ብሎ መጠየቅ የሌላ ክፍል ኃላፊነት ሲሆን ያ ክፍል ገና አልተቋቋመም፤ እንዲቋቋም ስብሰባ እየተደረገ ነው። በዚህ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለቆየ ሰፈሩ ሁሉ «ሰብሳቢው» ይለዋል። ሚስቱ እንኳ በጣም ሲደክማት ሰብሳቢው ነው የምትለው።

ሚስቱን እኔ እታለም እላታለሁ። የሆስፒታል ነርስ ናት። ለቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች የምትቀቅል፣ የምትቆጥር፣ በየተራቸው አሰልፋ የምታቀርብ እሷ ናት። እሷ ካረፈደች ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ይቆማል፣ በሽተኛውም ሆዱ ባዶውን እንዳደረ ጣሪያ ሲቆጥር ይውላል። ቤታችን ከከተማው ዳር በመሆኑ በማለዳ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። በሁለቱም ቆማ ትሄዳለች፤ ከደረሰች በኋላ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሙሉ ትቆማለች።

በዚያ ሰሞን የክፍሏ አስተባባሪ ጡረታ ወጡና የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ቦታውን ለእታለም ለሁለት ወር በሙከራ ሰጧት። «በየቀኑ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሩ ላይ ላግኝሽ» አሏት። «ሦስተኛ ካረፈድሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ እንዳትቀየሚኝ።» አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመና አንዱን መዘግየት በላባት።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ነገሩን አነሳችው።

«ያጠራቀምኳት አለች፤ ትንሽ መኪና እንግዛ። ትልቅ አልፈልግም። ወገቤን አትስበረኝ፣ በጠዋት ታድርሰኝ። ይኸው ነው።»

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምቾት ነው ያልሽው?»

«ታድርሰኝ ነው ያልኩት።»

«ወገብ ብለሻል። ወገብ ማለት ምቾት ነው። ይሄ እንደ ዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።»

ሳህኑ ሳይነሳ የመኪና መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ወንድሜ፣ ጸሐፊ እኔ፣ አባል ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሆነች። ይህች ልጅ ትዕግሥቱን ለእናቷ ትታ ምላሱን ብቻ ይዛ የተወለደች ናት። እታለም ድምፅ የማይሰጥ ተጠቃሚ ተብላ ተመዘገበች።

«ድምፅ የለኝም ማለት ነው?» አለች።

«በራስሽ ጉዳይ ድምፅ ከሰጠሽማ የጥቅም ግጭት ይመጣል» አላት በርኅራኄ። «አንቺን ከሐሜት ለመጠበቅ ነው።»

«ገንዘቡ የኔ ነው እኮ።»

«ግጭቱ እሱ ነው።»

ምቾት ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አራት ስብሰባ ፈጀብን። ወንድሜ እንደ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተመቸኝ የሚል አይነት አይደለም። መስፈርት አወጣ። የወንበሩ መደገፊያ ምን ያህል ይዘንበል፣ የክንድ ማሳረፊያው ከክርን በስንት ጣት ይራቅ፣ በሩ ሲዘጋ «ድፍ» ይበል እንጂ «ጯ» አይበል፣ ውስጡ አዲስ መጽሐፍ እንጂ አዲስ ጫማ አይሽተት። እያለ እያለ ሃያ ሦስት ደረሰ። የሁሉም ቁንጮ ሃያ ሦስተኛው ነበር። እስከ አፉ የተሞላ የውሃ ብርጭቆ ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀመጣል፤ መኪናዋ እየሄደች አንድ ጠብታ ከፈሰሰ ወደቀች ማለት ነው።

«መንገዱ እኮ ጉድጓድ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ።

«ጨዋ መኪና የሰው ገመና አትገልጥም» አለ ወንድሜ። «ደግሞ አትቸኩሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እሱ ይሂድ፤ እማዬን ግን አያደርሳትም።»

አባሏ ገንቢ አስተያየት ሰጥታለች ብዬ መዘገብኩ። አራተኛው ስብሰባ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስለነበር በጣም ተራዘመ። እታለምም ተጠቃሚ እንደመሆኗ እስከ መጨረሻው እንድትገኝ ተገደደች። በማግስቱ እንቅልፍ ጣላትና ለሁለተኛ ጊዜ አረፈደች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብትደግም ቦታው ይሄድባታል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነ፤ አዝኖም አልቀረ፣ የፍተሻ መርሐ ግብር አወጣ።

የመጀመሪያዋ ነጭ ነበረች፤ ንብረትነቷ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሳች። እታለም ከኋላ ተቀምጣ ፊቷ ሲበራ በመስታወቱ አየሁት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን ብርጭቆው ዘመም አለና ውሃው ወንድሜ ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

«ወድቃለች» አለ።

«እኔ ብርጭቆ ይዤ አልሄድም እኮ» አለች እታለም።

«አሁን አትይዢም። ነገ ሹመቱ ሲጸናልሽ ምን እንደምትይዢ በምን ይታወቃል?»

ሁለተኛዋን በሩ ጣላት። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ አሥራ አራት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። በአሥራ አምስተኛው እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እኔም እጀታዋ በምርመራ ወቅት ድክመት አሳይታለች ብዬ ያዝኩ። ሦስተኛዋ ደግሞ እንዴት ያለች ምቹ መሰለቻችሁ፤ ወንድሜ ወንበሩን ሊፈትን ደገፍ እንዳለ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል አንኮራፍቶ ነቃና ጣላት።

«አሽከርካሪ የሚያስተኛ ምቾት ምቾት አይደለም» አለ። «ሴራ ነው።»

ሦስቱንም መኪና ያመጣው አንድ ደላላ ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ የሚከተለን። ሦስተኛዋ ስትወድቅ ወንድሜን ለብቻው ሳብ አደረገው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሚፈልጉት መኪና አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጸጥታ ነው።»

ወንድሜ የደላላውን ትከሻ ያዘ። በሕይወቱ እሱን የተረዳው የመጀመሪያ ሰው ይህ ነበር።

አራተኛዋን ያየናት በሥራ ቀን፣ እታለም በሌለችበት ነው። ደላላው አዲስ አስፋልት ወደፈሰሰበት ረጅም ቁልቁለት ወሰደን። መኪናዋ አናቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች፤ ክሬም ቀለም፣ ትንሽ፣ ክብ፣ የታጠበች። ከጎማዋ ሥር አንድ ድንጋይ ነበር። ደላላው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ መሪው ጋ ተቀመጠ። ወንድሜ ከጎኑ፣ እኔና ልጅቷ ከኋላ ሆንን። ፍሬኑን ለቀቀው።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ያለ ጉዞ ሄጄ አላውቅም። ወፍ ሲዘምር ይሰማል። ውሃው ብርጭቆው ውስጥ እንደ መስታወት ረግቶ ቀረ። ወንድሜ ትንፋሹን ውጦ ብርጭቆውን ብቻ ነው የሚያየው።

«ሞተሩ ተነስቷል?» አለች ልጅቷ።

«ልጄ፣ የጥሩ ሞተር ሥራው አይሰማም» አላት ደላላው። «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።»

«ባዶ በርሜል ነው የሚጮኸው» ሲል ወንድሜ አጸናለት።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ መኪናዋ ራሷ በጨዋነት ቆመች። ልጅቷ አሁን ደግሞ ወደ ላይ እንመለስባት ብትል ደላላው ፊቱን አጠቆረ። «አዲስ ቤት ልትገባ የተዘጋጀች መኪና ናት። ዳገት ስድብ ይሆንባታል።» ወንድሜ አባባሉ ልቡን ነካው። ዳገቱን በእግራችን ወጣነው፤ እሱ ከፊት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አናቱ ላይ ድምፅ ተሰጠ። ልጅቷ ተቃወመች፣ ወንድሜ ደገፈ፣ የቀረው የእኔ ድምፅ ነበር። ደላላው ቁልፍ ሲያዞር አላየሁም። አለማየቴንም አልመዘገብኩም። እኔ በወንድሜ ቤት የማድር ሰው ነኝ፤ ድምፄም እዚያው ነው የሚያድረው። እጄን አወጣሁ። አሁን ድረስ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን የኮሚቴውን አንድነት ማጠናከር መስሎኝ ነበር። የእታለም የዓመታት ቁጠባ በዚያው ዕለት እጅ ለወጠ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ጎማዋን አቧራ እንዳይነካው ነው አለ ደላላው፤ አራት ሰው አውርዶ ግቢ ውስጥ ገፍቶ አስገባትና እሱ ሌላ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ሄደ። ወንድሜ ሪባን አሳሰረ። «ዛሬ የምንመርቀው ብረት አይደለም፤ የጋራ አስተሳሰብ ውጤት ነው» ብሎ ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት ተናገረ። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠና እታለም ገባች።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን አስደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከስንት ሳምንት በኋላ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ወንበሩ በእውነት ይመቻል፤ በዚህ ላይ ወንድሜን ማማት ግፍ ነው።

«ትመቻለች» አለች። ቁልፉን አዞረች። ምንም የለም። ደግማ አዞረች።

«ሰማችሁ?» አለ ወንድሜ።

«ምንም አልሰማንም» አለች ልጅቷ።

«እሱን እኮ ነው የምለው።»

ልጅቷ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ ጎረቤታችን የሆነውን መካኒክ ጠራችው። ይህ ሰው አንድ አሮጌ የዕቃ መጫኛ መኪና አለው፤ በየማለዳው ሲያስነሳት ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳለች። ወንድሜ ስለ ጩኸቷ ሦስት የጽሑፍ አቤቱታ አቅርቦበት ስለነበር ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። መካኒኩ እንደመጣ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ።

«ሞተር የለውም» አለ።

«የለውም ወይስ አልታየህም?» አለ ወንድሜ።

«አሸዋ ነው ያለው ጋሼ። ሁለት ጆንያ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። «ለካ ሚዛኗ እንዲያ የተጠበቀው በዚህ ኖሯል» አለ በአድናቆት።

እታለም ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ዘጋችው። በሩ «ድፍ» አለ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚህ ወዲያ አንድ ቀን ካረፈደች ግን ቦታው ይሄዳል፤ መኪናው የለም፣ ገንዘቡም የለም። የደላላው ስልክ እንደሸጠልን መኪና ጸጥ ብሏል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ወንድሜ ግን አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ቃለ ጉባኤውን ከፊት እስከ ኋላ አስነበበኝ።

«ሞተር የሚል መስፈርት አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«መንቀሳቀስ የሚልስ?»

«እሱም የለም።»

«እንግዲህ ያልጠየቅናትን አላመጣችም ብለን ልንወቅሳት አንችልም» አለ። መኪናዋ ሃያ ሦስቱንም መስፈርት በላቀ ደረጃ ማሟላቷ ተረጋግጦ የመንቀሳቀስ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ እንዲታይ ተወሰነ። እሑድ ቀትር ላይም ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ስብሰባን በአጭር ጊዜ ስለመቋጨት የሚሰጥ የአራት ቀን ሥልጠና ነበረበት።

እሱ እንደወጣ እታለም ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ መካኒኩ በር ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ወንድሜ፣ በጠዋት በጠዋት የምትሄደው የት ነው?» አለችው መካኒኩን።

«ጋራዥ ነዋ እትዬ።»

«ጋራዥህ የት ነው?»

«ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እከፍታለሁ።»

እታለም በሩን ተደገፈች። ዘጠኝ ዓመት ተጎራብተናል። ስለ ድምፁ ሦስት ማመልከቻ ጽፈንበታል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም።

«ብወስድሽ ደስ ይለኛል» አለ መካኒኩ ጭንቅላቱን እያከከ። «ችግሩ፣ ከኔ ወንበር በቀር ወንበር የለውም። ኋላው ብረት መጫኛ ነው፤ ወገብሽን ይጨርሰዋል።»

«ወንበርማ አለኝ» አለች እታለም።

ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ አጠገብ ቆመን ተሰበሰብን። ልጅቷ ስብሰባውን መራች። መጀመሪያ ተጠቃሚዋ ድምፅ ይኑራት የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ አለፈ። ቀጥሎ አራቱ ወንበሮች ይነቀሉ ተባለ። እጄን ከማውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ የወንድሜን ፊት ፈለግሁ፤ ፊቱ ሥልጠና ላይ ነው። እጄን አወጣሁ። ስብሰባው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከሰዓት በኋላውን መካኒኩ ሲፈታ እኔ ብሎን ስይዝ፣ እሱ ሲበሳ እኔ ስገፋ ዋልኩና ክሬሞቹ ወንበሮች አሮጌዋ መጫኛ ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ማለዳ መጫኛዋ ስታጓራ ሰፈሩ ተነሳ። መስኮቷ አይዘጋም፣ ጭሷ ዓይን ያቃጥላል፣ በሯ «ጯ» ብላ ካልተገፋች አትዘጋም። እታለም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን አስደግፋ ሄደች። አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበረች። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ እዚያው ሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ አንዲት ጎረቤታችንና የሆስፒታሉ ዘበኛ የሆነ ሌላ ጎረቤት ተጨመሩ፤ አራተኛው ወንበር ትምህርት ቤቷ መንገድ ላይ ለሆነው ለልጅቷ ሆነ።

ወንድሜ ሐሙስ ሲመለስ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ውጪዋ ያብለጨልጫል፤ ውስጧ መሪ ብቻ ነው።

«ማን ፈቀደ?»

«ኮሚቴው» አልኩት።

«በስንት ድምፅ?»

«በሙሉ ድምፅ።»

እስከ ራት ድረስ አልተናገረም። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ረጅም ዝምታ አይቼበት አላውቅም፤ ትንሽም አሳዘነኝ። ራት እንደበላ ግን ወረቀት አምጣ አለኝና ሪፖርት አስጻፈኝ፤ «ተጠቃሚዋ ኮሚቴው በጥናት በመረጠው ወንበር ላይ ተመቻችታ በሰዓቱ በሥራ ገበታዋ ትገኛለች።» አንድም ውሸት አልነበረበትም። ሪፖርቱ በመሥሪያ ቤቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ተጨበጨበለት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከሌሎች ክፍሎች ልምድ ለመቅሰም የመጡ ሰዎች ግቢያችን ድረስ ዘልቀው ከመኪናዋ ጎን ፎቶ ተነሱ። አንዱ በመስኮት አጮልቆ ወንበሮቹ የታሉ ቢል ወንድሜ «በሥራ ላይ ናቸው» አለው።

ሁለቱ ወር ሲያልቅ እታለም ደብዳቤ ይዛ ገባች። ሜትሮኗ ሹመቷን አጽንተውላታል። ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ለድሉ መገኘት ኮሚቴው የተጫወተውን የመሪነት ሚና ዘርዝሮ ተናገረ። እታለም እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ እንጂ፣ የመሥሪያ ቤታችን አውቶቡስ ሰሞኑን በጊዜ መምጣት ትቷል። ትናንት የራሴ ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስሜ ተያዘ። ከነገ ጀምሮ ከናንተ ጋር ብሄድስ?»

«አራቱም ወንበር ሰው አለው» አለች።

«ታዲያ እኔ በምን ልሂድ?»

እታለም ደብዳቤዋን በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀና ብላ አየችው።

«አንተማ መኪና አለህ» አለችው።